የናፍጣ ጢስ በካሚዮን ነጂዎች ጤና ላይ ስለሚያስከትለው ጉዳት

አንድ ነጋዴ ካሚዮን ገዝቶ ወደ ሥራ ሲያሰማራ የወጪውን ልክ አስቀድሞ ይገምታል። የናፍጣ፣ የዘይት፣ የጎማ፣ የመለዋወጫ ዕቃ፣ የኢንሹራንስ፣ የዓመታዊ ምርመራና የቦሎ፣ የሾፌርና የረዳት ደመወዝና አበል እያንዳንዱ በሒሳብ መዝገብ ላይ የየራሱ መስመር አለው። ከጢስ ማውጫው የሚወጣው ጥቁር ጢስ ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ ሰፍሮ አይገኝም፤ ነፋስ ወስዶ ያጠፋዋል ተብሎ ይተዋል። ይሁን እንጂ ነፋስ የማይወስደው ድርሻ አለ። ይህንንም ድርሻ በሳንባው የሚቀበለው በመጀመሪያ ነጂው፣ ከእርሱም ቀጥሎ ረዳቱ፣ ጫኝና አውራጁ፣ የመጋዘኑም ዘበኛ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚሁ ድርሻ የሕክምናና የምሕንድስና ሊቃውንት የደረሱበትን ዕውቀት ለንግዱ ማኅበረሰብ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ነገሩ የቦሌንና የምሥራቅ አዲስ አበባን ነጋዴዎች በይበልጥ የሚመለከት ነው። ከመገናኛ እስከ ገርጂ፣ ከኢምፔሪያል እስከ ጎሮ፣ ከሰሚት እስከ አያት ያለው ምድር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከእርሻ ማሳነት ወደ መጋዘንና ወደ ፎቅ ቤት ተለውጧል። የቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2006 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የተሰፋው ልብስና የቆዳው ሥራ በኮንቴይነር ተጭኖ ይወጣል፤ የአውሮፕላን ማረፊያው የጭነት ክፍል ቀንና ሌሊት ሲሠራ ያድራል፤ አሸዋ፣ ጠጠርና ሲሚንቶ የሚያመላልሱት ገልባጮችም መንገዱን ለቅቀው አያውቁም። ይህ ሁሉ በናፍጣ ኃይል የሚንቀሳቀስ ነው። ከጂቡቲ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ የንግድ አገልግሎት ቢጀምርም እንኳ፣ ዕቃውን ከጣቢያና ከደረቅ ወደብ አንሥቶ እስከ መጋዘን ደጃፍ የሚያደርሰው ያው ካሚዮኑ ነው።

ጢሱ ከምን እንደሚመነጭ ለመረዳት የሞተሩን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል ይህን ሞተር ፈልስፎ በደንብ የሚሠራውን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1897 ነበር። የቤንዚን ሞተር ነዳጁንና አየሩን አስቀድሞ ቀላቅሎ በእሳት ብልጭታ የሚያቃጥል ሲሆን፣ የናፍጣው ሞተር ግን ብልጭታ አያስፈልገውም። አየሩን ብቻ ወደ ውስጥ ስቦ ከመጀመሪያው መጠኑ ወደ አንድ ሃያኛ እስኪቀርብ ድረስ ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀው አየር እጅግ ስለሚግል፣ ናፍጣው በጠባብ ቀዳዳ ተረጭቶ ሲገባበት በራሱ ይቀጣጠላል። ብርታቱም ቁጠባውም ከዚህ የመጣ ነው። ጉድለቱም እንደዚሁ ከዚያው ይመነጫል፤ ናፍጣውና አየሩ ለመቀላቀል የሚያገኙት ጊዜ ከዐይን ጥቅሻ ያነሰ ስለሆነ፣ የናፍጣ ነጠብጣብ በዝቶ አየር ባነሰበት ቦታ ሁሉ ነዳጁ ነድዶ በማለቅ ፈንታ ያርርና ጥላሸት ይሆናል። ሙቀቱ በበረታበት ስፍራ ደግሞ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ተዋሕደው ዐይንንና ጉሮሮን የሚቆጠቁጥ ጋዝ ይፈጥራሉ።

በዐይን የምናየው ጥቁር ደመና አስፈሪ ቢመስልም አደገኛው ክፍል የማይታየው ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ የናፍጣ ጥላሸት አብዛኛው ቅንጣት ግን ከ1 ማይክሮሜትር ያነሰ ነው። የመንገድ አቧራ ከአፍንጫ ጠጉርና ከጉሮሮ አክታ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ በማስነጠስና በመሳልም ይወጣል። ይህ ደቃቅ ጥላሸት ግን አየርና ደም እስከሚገናኙበት እስከ ሳንባው መጨረሻ ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃል። ባዶውንም አይሄድም፤ ካንሰር በማምጣት የታወቁ ከነዳጅ ቃጠሎ የተረፉ ውሁዶችን በገላው ላይ ተሸክሞ ይገባል።

በዓለም የጤና ድርጅት ሥር የሚገኘው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1988 የናፍጣን ጢስ «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚባሉት ነገሮች መደብ አስገብቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2012 ግን ሊቃውንቱ እንደገና ተሰብስበው «ይሆናል» የሚለውን ቃል በማንሣት፣ በሰው ላይ ካንሰር ማምጣቱ ከተረጋገጠው ከመጀመሪያው መደብ አዛውረውታል። ትምባሆና አስቤስቶስም በዚሁ መደብ ይገኛሉ። ለዚህ ውሳኔ ትልቁን ማስረጃ የሰጠው በአሜሪካ ስምንት ማዕድን ቦታዎች በሠሩ ከ12 ሺህ በሚበልጡ ሠራተኞች ላይ የተደረገው ጥናት ነው፤ ናፍጣ በሚጠቀም መሣሪያ አጠገብ በመሬት ውስጥ ብዙ ዓመት የሠሩት በሳንባ ካንሰር የመሞታቸው መጠን ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

እኛን ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሌላው ጥናት ነው። በዚያው በአሜሪካ በጭነት ማመላለሻ ኩባንያዎች በሠሩ ከ31 ሺህ በላይ ሰዎች መዝገብ ላይ የተመሠረተውና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ጥናት፣ የሳንባ ካንሰር አደጋው በሥራ ላይ በቆዩበት ዓመት ልክ እየጨመረ እንደሚሄድ አሳይቷል። አደጋው ረጅም መንገድ በሚነዱት ላይ ብቻ የተወሰነ አልነበረም፤ በከተማ ውስጥ ዕቃ በሚያደርሱትና በመጫኛ ቦታ በሚሠሩት ላይም ታይቷል። ይህ ነጥብ ሊዘለል አይገባውም፤ ብዙዎቻችን አደጋውን መሪ ከሚይዘው ሰው ጋር ብቻ አያይዘን እናየዋለንና። ከካሚዮኑ ጀርባ ቆሞ ጆንያ የሚቀበለው ሰው ትኩሱን ጢስ ከነጂው ባላነሰ ይስበዋል።

የመጀመሪያው መደብ ማለት ማስረጃው የጸና ነው ማለት እንጂ ናፍጣ የሸተተው ሁሉ ይታመማል ማለት እንዳልሆነ መጨመር ተገቢ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ከናፍጣ ጢስ ይልቅ በሲጋራው በብዙ እጥፍ ይጎዳል፤ ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ደግሞ ለራሱ ደግ አልሠራም። የሳንባ ካንሰርም ብቸኛው ጉዳት አይደለም፤ ደቃቁ ጥላሸት የልብንና የደም ሥርን ሕመም እንደሚያባብስ፣ አስም ያለበትንም ሰው እንደሚያስጨንቅ የታወቀ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ሁኔታ እንመለስ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል፤ በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ከጂቡቲ ወደብ ሙሉ ጭነት ይዞ የተነሣ ካሚዮን የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ ሞጆን አልፎ አዲስ አበባ ሲደርስ ሞተሩ የሚስበው አየር እያነሰ፣ ዳገቱ የሚጠይቀው ናፍጣ ግን እየበዛ ይመጣል። በተለይ ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ይህን ልዩነት ማካካስ አይችልምና ያላቃጠለውን ጥቁር ጢስ አድርጎ ይተፋዋል። በዚህ ላይ ጉልበት ለመጨመር ሲባል በጋራዥ የናፍጣውን ፖምፓ ከተወሰነለት ልክ በላይ የማስከፈት ልማድ አለ። ካሚዮኑ ለጊዜው ዳገቱን በርትቶ ይወጣ ይሆናል፤ ነገር ግን የጨመረው ናፍጣ ከፊሉ አየር አጥቶ ሳይቃጠል ስለሚቀር፣ ባለቤቱ ገንዘቡን በጢስ ማውጫው በኩል እየበተነ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ምክንያት የሥራ ሰዓታችን ነው። የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የከባድ ጭነት መኪኖችን የቀን እንቅስቃሴ ከገደበ ወዲህ፣ መጫንና ማራገፍ ወደ ማታና ወደ ሌሊት አዘንብሏል። መንገዱ ቀለል ማለቱን ማንም የሚክደው አይደለም። ነገር ግን ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ወራት ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ሲበርድ፣ መሬት ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ከላዩ ባለው ሞቃት አየር እንደ ድስት ክዳን ይከደናል፤ በቀን ወደ ላይ ይበተን የነበረው ጢስ ከሰው ቁመት ሳይርቅ ተኝቶ ያድራል። በማለዳ ከአያት ወይም ከሰሚት ወደ መገናኛ ቁልቁል የተመለከተ ሰው በከተማው ላይ የተዘረጋውን ግራጫ ሻሽ ያውቀዋል። በርግጥ ያ ሻሽ የካሚዮን ብቻ አይደለም፤ የማገዶው፣ የከሰሉና የአቧራውም ድርሻ አለበት። የዓለም የጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ባወጣው መመሪያ የደቃቅ ብናኝ የዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል፤ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ለሕዝብ ይገለጽ የነበረው የአዲስ አበባ ልኬት ግን የዚህ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይታይ ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት በእኛ በጽሕፈት ቤት ሠራተኞች በኩል የሚያልፍ ነው። ካሚዮኑ ወደ መጋዘኑ ግቢ ተመልሶ ከገባ በኋላ ጭነቱ ወዲያው አይወርድም። የዕቃው ዝርዝር ከደረሰኙ ጋር ይመሳከራል፤ የጎደለ ማኅተም ይፈለጋል፤ ትራንዚተሩ በስልክ ይጠራል፤ የመጋዘን ኃላፊው ቁልፍ ይዞ እስኪመጣ ይጠበቃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሞተሩ እየተንደቀደቀ ይቆያል፤ ነጂው አሁን ያልቃል እያለ አያጠፋውም፤ ወይም ባትሪው ደክሞ እንደገና አይነሣልኝም ብሎ ይፈራል። ግቢው በግንብ የታጠረ፣ መጋዘኑም በአንድ በር ብቻ የሚተነፍስ ሲሆን፣ በዚያ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጢሱን ይካፈላል። በዝግ ቦታ ደግሞ ሽታም መልክም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊጠራቀም ይችላል። ከናፍጣ ሞተር የሚወጣው ከቤንዚኑ ያነሰ ቢሆንም፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ለማምጣት፣ ባስ ሲልም ሰውን አስቶ ለመጣል የሚበቃበት ጊዜ አለ። በጋቢና ውስጥ ሞተር እያስነሡ መተኛትም በዚሁ ምክንያት አደገኛ ነው።

የጤናው ነገር ለማያሳስበው ባለካሚዮን የገንዘቡን ሒሳብ እናቅርብለት። አንድ ከባድ ካሚዮን ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ በሰዓት ወደ 3 ሊትር ናፍጣ ይበላል። በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ በከንቱ ቆሞ ቢሠራ 6 ሊትር፣ በዓመት 300 የሥራ ቀን ቢታሰብ 1,800 ሊትር ይሆናል። አምስት ካሚዮን ላለው ነጋዴ 9,000 ሊትር ነው። ይህን በወቅቱ የናፍጣ ዋጋ ማባዛት ለአንባቢው የተተወ ነው፤ አዲስ ባትሪ ስንት እንደሚያወጣም አብሮ ያስላው። ወረቀቱ ካሚዮኑ ከመድረሱ በፊት ተዘጋጅቶ ቢቆይ፣ ካሚዮኑም ገብቶ እንደቆመ ሞተሩ እንዲጠፋ በመጋዘኑ በር ላይ በጉልህ ቢለጠፍ ወጪው የአንድ ወረቀትና የአንድ ብዕር ነው።

የጢሱ ቀለም ራሱ ለሚያስተውል ነጂ መልእክት ነው። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል፤ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ተደፍኗል፣ ናፍጣ መርጫው አርጅቷል፣ አለዚያም ጭነቱ ከልክ አልፏል። ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ካልቆመ ናፍጣው ሳይቃጠል እየወጣ ነው፣ ወይም የማቀዝቀዣው ውኃ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። የጎሮና የአያት የግንባታ አቧራ ፊልትሮን ከመደበኛው ጊዜ ቀድሞ ይደፍነዋል፤ ስለዚህ የአምራቹን የኪሎ ሜትር ልክ ብቻ መጠበቅ አይበቃም።

ከሌሎች መኪኖች ጢስ ይልቅ ነጂውን የሚጎዳው አንዳንድ ጊዜ የራሱ ካሚዮን ጢስ ነው። የጢስ መውጫው ቱቦ ከሞተሩ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ሲላላ ወይም ማርሚታው ሲበሳ፣ ጢሱ ከጋቢናው ወለል ሥር ይወጣና በመሪውና በፔዳሉ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ውስጥ ይሾልካል። የእነዚህ ቀዳዳዎች ጎማ ከረጅም ጊዜ በፊት ደርቆ የረገፈባቸው ካሚዮኖች ጥቂቶች አይደሉም። ጎማውን መተካት ከጋራዥ ሥራ ሁሉ ርካሹ ነው። በመገናኛ ወይም በቀለበት መንገዱ ሰልፍ ውስጥ ከሌላ ካሚዮን ጀርባ ሲቆም መስኮቱን ዘግቶ የውጭውን አየር መግቢያ መክደን፣ መንገዱ ሲከፈት ደግሞ መልሶ መክፈት ይጠቅማል። ቀዳዳው የበዛ ጋቢና ግን መስኮቱ ቢዘጋም ባይዘጋም ያው ነው።

በሠራተኞች ዘንድ ስለሚታመን አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍ። በጢስ፣ በቀለምና በአቧራ የሚሠራ ሰው ወተት ከጠጣ ሳንባው ይጠራል ይባላል፤ ለዚሁም ብለው በየጊዜው ወተት የሚያድሉ አሠሪዎች አሉ። ወተት መልካም ምግብ ነው፤ የሚሰጠውም በቅን ልብ ነው። ነገር ግን የሚሄደው ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ አይደለም፤ ከሳንባ ውስጥ የገባውን ጥላሸት አጥቦ የሚያወጣበት መንገድ የለውም። የወተቱ ገንዘብ ፊልትሮ ቢገዛበት ይበልጥ ይጠቅማል። ስለ አፍና አፍንጫ መሸፈኛም እንደዚሁ ነው፤ ነጠላና የጨርቅ ማስክ አቧራውን ቢያስቀሩም ደቃቁን ጥላሸት አያግዱም፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራውና በፊት ላይ አጥብቆ የሚቀመጠው ማስክ ብናኙን ይይዛል፣ ጋዙን ግን አይይዝም።

ከጢሱ ጋር የተዛመደ ሌላም ልማድ አለ፤ እርሱም ናፍጣን በቱቦ በአፍ እየሳቡ መቅዳት ነው። ይህን የሚያደርጉት በአብዛኛው ረዳቶች ናቸው። ጥቂት ጠብታ ወደ ሳንባ ብትወርድ ብርቱ የሳንባ ቁጣ ታስነሣለች። ናፍጣ የዋጠውን ሰው ለማስመለስ መሞከርም ይብስበታል፤ ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላልና ሳያስመልሱት ፈጥኖ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። በእጅ የምትሠራ የናፍጣ መሳቢያ በየመለዋወጫ ሱቁ ትገኛለች።

አዲስም ሆነ ያገለገለ ካሚዮን ከውጭ ለሚያስመጡ ነጋዴዎች ደግሞ ጥቂት ቃል። አውሮፓውያን ከ1992 ጀምሮ በየጊዜው እያጠበቁ ባወጡት የጢስ ደረጃ፣ ከ2013 ወዲህ የመጣው ስድስተኛው የከባድ መኪና ደረጃ ጥላሸቱን ይዞ የሚያስቀር ወንፊት በጢስ ማውጫው ላይ እንዲኖር የሚያስገድድ ያህል ነው፤ እነዚህ ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው። ሆኖም ይህ ወንፊት ድኝ የበዛበትን ናፍጣ አይወድም። በአውሮፓ የናፍጣ ድኝ ከሚሊዮን 10 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 50 እጅ አውርደዋል። ስለዚህ ካሚዮኑን ከማዘዝ በፊት የሞተሩን ደረጃ፣ የሚፈልገውንም የናፍጣ ዓይነት ሻጩን በጽሑፍ መጠየቅ ያሻል። ወንፊቱ ተደፈነ ብለው በጋራዥ ቆርጠው የሚጥሉት አሉ፤ እንዲህ የተደረገበት ካሚዮን ወረቀቱ አዲስ፣ ጢሱ ግን አሮጌ ነው። በወረቀትና በጢስ መካከል ያለውን ርቀት ዓለም እ.ኤ.አ. በ2015 በሚገባ አይቶታል፤ የጀርመኑ ቮልክስዋገን ወደ 11 ሚሊዮን በሚደርሱ መኪኖች ላይ፣ በምርመራ ጊዜ ብቻ ጢስ የሚቀንስ ማታለያ መግጠሙን ለማመን ተገድዷል።

ስለ ሕጉ ብዙ መዘርዘር አያስፈልግም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በአንቀጽ 92 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤና የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል፤ ከሥራ የሚመጣ በሽታም እንደ ሥራ ላይ አደጋ ሁሉ በአዋጁ ቦታ አለው። ችግሩ በበሽታው ጠባይ ላይ ነው። የእግር ስብራት ቀኑና ቦታው ይታወቃል። የሳንባ ካንሰር ግን ከጢሱ ጋር ከተገናኙ ከዐሥር፣ ከሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ቆይቶ የሚታይ ነው። በዚያን ጊዜ ነጂው ሦስትና አራት አሠሪ ለውጧል፤ ወይም ካሚዮን መንዳቱን ትቶ በቤቱ ተቀምጧል። ሳሉ ሲበረታ በመጀመሪያ ብርድ ነው ይባላል፤ ቀጥሎ የሳንባ ነቀርሳ ተጠርጥሮ ይመረመራል፤ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ወደነበረው ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲላክ ግን ጊዜው አልፎ ይሆናል። ሐኪሙ የሥራ ታሪክህን ንገረኝ ቢለው በእጁ የሚያሳየው ወረቀት የለም፤ ብዙዎቹ ነጂዎች የተቀጠሩት በአፍ ቃል ነውና። ስለዚህ ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ ደም የተቀላቀለበት አክታ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ ወይም ዳገት ሲወጡ የሚብስ የትንፋሽ ማጠር ያየ ነጂ፣ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ስንት ዓመት በናፍጣ መኪና እንደሠራ ሳይጠየቅ አስቀድሞ ይናገር።

በጽሕፈት ቤት በኩል ሊደረግ የሚችለው ግልጽ ነው። ነጂ፣ ረዳት ወይም ጫኝ ሥራ ሲለቅ የሚሰጠው የአገልግሎት ምስክር ወረቀት «በሾፌርነት አገልግሏል» በሚል አንድ መስመር ብቻ አይለቅ። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሠራ፣ በምን ዓይነት ካሚዮን፣ በየትኛው መሥመር፣ በቀን ወይስ በሌሊት፣ በዝግ መጋዘን የሚጭንም ከነበረ ይኸው ይጻፍበት፤ የቀሪውም ግልባጭ ከደመወዝ መዝገቡ ጋር ታስሮ ይቀመጥ።